ለአስካለ ሰባት ቤት ስቆጥር

ታፍዬ፣

«ለጤናህ እንደምን ነህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለካ ጤናህ የሰው ወሬ ከሆነ ዓመት ሞላው። ነገ ሙት ዓመትህ ነው። እዚህ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ሰኔ ብርዱ አጥንት ውስጥ የሚገባበት ወር መሆኑን ታውቃለህ፤ ያንተን ጋቢ ተከናንቤ፣ እግሬን ወደ ማሞቂያው ዘርግቼ ነው የምጽፍልህ። ጋቢው ላይ ያለውን እድፍ አሁን አትጠይቀኝ፣ እደርስበታለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ሳሮን ዩኒቨርሲቲዋን ከመኝታ ክፍሏ ሆና ትማራለች፤ አስተማሪዋ ፊት ከወገቧ በላይ ሸሚዝ፣ ከወገቧ በታች ፒጃማ ለብሳ ትቀርባለች። ፎርድስበርግ ያለው የመጋረጃ ሱቄ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ አሁን ደህና ይዟል። ሰው ከቤቱ አትውጣ ሲባል የገዛ መስኮቱን ሲያይ ውሎ ሰለቸውና መጋረጃ መቀየር ጀመረ። እባቦችህም አሉ። ይኸው ተናገርኩት።

ሰው ሁሉ አንተን ኮሮና የወሰደህ ይመስለዋል። ልቡ ነው ብል የሚሰማኝ የለም፤ በዚያ ሰሞን በሌላ በሽታ መሞት እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ሆስፒታሉ ጠያቂ ስለማያስገባ የተሰናበትነው በስልክ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ ባል በመጨረሻ ሰዓቱ ለሚስቱ ምን ይላል? እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ እንባዬን አዘጋጅቼ ስጠብቅ አንተ ምን አልክ?

«ሙሉዬ፣ መስከረም ሲጠባ አስካለን ከጎበዜ ጋር አገናኚያት። ብዙ አትጠይቂ።»

ከዚያ ሳቅህ መጣ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ነርሷ ስልኩን ወሰደችብህ። በቃ። «ልጄን አደራ» የለ፣ «ሙሉ ቻዪው» የለ፤ የሁለት እባብ ጋብቻ ብቻ። ለቀስተኛው በዙም ተሰብስቦ «ምን ብሎ ተሰናበተሽ» ሲለኝ «ስለ ቤተሰብ ነው ያወራው» ብዬ አለፍኩት። ታላቅ እህትህ እትዬ ብዙነሽም ከደብረ ብርሃን ገብተው ነበር። ድምፅ ማጥፋቱን ረስተውት ኖሮ በለቅሶው መሀል «ይህን ዶሮ ከአልጋው ላይ አውርዱልኝ» ሲሉ ሰማናቸው። አንተ ብትኖር ከወንበርህ ትወድቅ ነበር።

የቃልህ ነገር ግን ከነከነኝ። እባቦቹን እንዳልወደድኳቸው ታውቃለህ። የበቆሎ እባብ ይባላሉ ስትለኝ በቆሎ የሚበሉ መስሎኝ ተጽናንቼ ነበር፤ ፍሪጁን ከፍቼ በረዶ የሆኑ አይጦች ከጎመኑ አጠገብ ተደርድረው እስካይ ድረስ። በጾም ሥጋ ፍሪጇ የማይገባ ሴት አይጥ አስገባሁ። ቀን መድኃኒት ቤትህ ውስጥ ኪኒን ስትቆጥር ትውላለህ፣ ስትመለስ እኔን ሰላም ሳትል የጓሮውን ክፍል ትከፍታለህ። ከቤኖኒው እባብ አርቢ ከኡም ፒት ጋር ደግሞ በስልክ ያላችሁ ፍቅር! ኡም ማለት እዚህ አገር ጋሼ እንደማለት ነው፣ እኚያ ሽማግሌ ግን ላንተ እኩያህ ነበሩ። ሁለታችሁ ስለ ሚዛንና ስለ ቅርፊት ስታወሩ እየሰማሁ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» እል ነበር።

ነገሩ እንዲገባኝ ያላደረግኸው ጥረት የለም፤ ይህን አልክድህም። መጀመሪያ ከኡም ፒት ሁለት ገዛህ፤ አንዱ ጥቁር ቀለም የጎደለው ቀይ፣ አንዷ ቀይ ቀለም የጎደላት ግራጫ። በርበሬና አመድ አልካቸው። እኔ መጋረጃ ነጋዴ ነኝና ቀይና ግራጫ ሲቀላቀል ምን እንደሚወጣ ገምቼ ጠበቅሁ። የወጡት ግን ሁሉም ተራ፣ ዱር ውስጥ ያለ የማንም እባብ መልክ ያላቸው ሆኑ። ሳቅሁብህ። አንተ ከሁሉ ሁለቱን፣ አስካለንና ጎበዜን አስቀርተህ «ነጩ ውስጣቸው አለ፣ ተደብቆ ነው» አልክ። ከእናትም ከአባትም በኩል ሁለቱም ድብቅ ነገር ሲገጣጠም ነጭ ይወጣል፣ እሱም ከአሥራ ስድስት አንዱ ቢቀና ነው። አላመንኩህም። ያኔ ሳሮንን ጠርተህ አጠገቤ አቆምካት። እኔ ጠይም፣ አንተ ጠይም፣ እሷ እንደ ብርቱካን የቀላች። ስትወለድ የሜይፌር ሰፈራችን ሰው ያማኝን ሐሜት አንተም ታስታውሰዋለህ። «ይህችስ ከየት መጣች?» ብለህ ሳቅህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ድብቅ ቀለም አልተከራከርኩህም።

አስካለንም በእናቴ ስም ጠራሃት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ስለምታይህ። እናቴ ይህን ሳትሰማ አርፋለች። አሁን አንድ ቦታ ናችሁና ራስህ ንገራት።

ከቀብርህ በኋላ የመጀመሪያው ሐሳቤ ሁሉንም ለኡም ፒት መስጠት ነበር። ደወልኩ፤ እሳቸውም በደስታ እወስዳለሁ አሉ። ግን መንገዱ ተዘግቷል፣ ከዚያ የእገዳው ደረጃ፣ ሌቭሉ፣ ተቀየረ፣ ደግሞ ተመለሰ፣ እሳቸውም በዕድሜያቸው ከቤት መውጣት ፈሩ። እባብ ደግሞ ሌቭል አያውቅም፣ ይርበዋል። መጀመሪያ አይጡን በረጅም የጥብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ ነበር የምሰጣቸው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እኔ በልብስ መስቀያው ገመድ ሳይቀር እየበረየሁ ሰነበትኩ። ቀስ በቀስ ግን ፊቴን ማዞሩን ተውኩት። አስካለ ስገባ ጭንቅላቷን ከመደበቂያዋ ታወጣለች። ለአይጡ ነው፣ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ስገባ ቀና የሚል በቤቱ ሌላ ማን ነበረኝ? ሳሮን እንኳ ስክሪኗ ላይ ናት።

መስከረም ሲጠባ ሳሮን ቃልህን አስታወሰችኝ። አንድ ጊዜ ላገናኛቸው፣ ነጩም ይውጣ አይውጣ ቃሉን እፈጽማለሁ፣ ከዚያ ኡም ፒት ይውሰዷቸው ብዬ ወሰንኩ። ከልማድ የተነሳ ብቻ ሳሮንን «ለመሆኑ የማን የማን ልጆች ናቸው?» አልኳት። «ማሚ፣ ሴም ፓረንትስ፣ የበርበሬና የአመድ ናቸዋ» አለችኝ። እህትና ወንድም! ዓይኔ እያየ ተፈልፍለው ይህን አንድ ቀን አላሰብኩትም። ለካ ያ «ብዙ አትጠይቂ» ያልከው ይህን ኖሯል። አይጡን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ታውቀኛለህ፣ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። እኛን ለማጋባት እንኳ ሽማግሌዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው፣ በእናንተ በኩል እነ ወልደ ገብርኤልን፣ በእኛ በኩል እነ ጎሹን እየጠሩ፣ እስከ ሰባት ቤት ወጥተው «ዝምድና የለም» ብለው ነው ያጸደቁት። ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየክርስትናው ሳወራ ኖሬያለሁ። በሰው አገር ያደጉ ልጆቻችን ሳያውቁ ዘመዳቸውን እንዳያገቡ ሌላ ማን ይንገራቸው? ወሬዬ ጎሹ ጋ ሲደርስ ግን አንተን ሁልጊዜ ሳል ይይዝህ ነበር። ውኃ አቀብልሃለሁ፣ ጠጥተህ ወደ ውጭ ትወጣለህ። የዚህ ከተማ የወርቅ ማዕድን አቧራ ነው ብዬ አዝንልህ ነበር።

ሳሮን እባብ ሰባት ቤት አይቆጥርም ብላ ልታስረዳኝ ሞከረች። ዓለም ላይ ያለ እባብ አርቢ ሁሉ ቀለም የሚያወጣው በእህትና ወንድም ነው አለች። ዓለም ያሻውን ያድርግ፣ በእኔ ጣሪያ ሥር አይሆንም አልኳት። ቃልህን ላልፈጽም ነው፣ ይህም ያንገበግበኛል። ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ ያዝኩ፤ አስካለን ለባዳ ልድራት፣ ነጩም ከመጣ ይምጣ።

ኡም ፒት ጋ ደወልኩ። «ጎበዜ አይሆንም፣ ያንኑ ድብቅ ቀለም የያዘ ሌላ ወንድ ፈልጉልኝ» አልኳቸው። ጎበዜ የታመመ መስሏቸው አዘኑ። ስሙ «ያን» የሚባል ወንድ አለኝ አሉ። እንደ ደንቡ ጥያቄዬን ጀመርኩ። አባቱ ማን ይባላል? ሮይ። እናቱስ? ፋል። የአባቱ አባት? እሱንም ነገሩኝ፣ የእናቱንም እናት ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አሉ። ሽማግሌው ግራ እንደተጋቡ ከድምፃቸው ያስታውቃል፤ የሐበሻ የኀዘን ሥርዓት ሳይመስላቸው አልቀረም። በእኛ በኩል አባት በርበሬ፣ እናት አመድ። በእነሱ በኩል ሮይና ፋል። የሚገናኝ ስም የለም። ሰባት ቤት ባይሞላም ለእባብ ይበቃል አልኩና መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ ከጥሩ ቤተሰብ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከማውቃቸው ቤተሰቦች ሁሉ የሚበልጥ ነው» አሉኝ።

ሌቭሉ ሲላላ በባኪያቸው፣ በዚያች ኋላዋ ክፍት መኪና፣ መጥተው ሙሽራውን ያንን በትራስ ልብስ ቋጥረው በበሩ አቀበሉኝ። ጭንብላቸው ከአፍንጫቸው በታች ነበር። ልክ በዚያው ሰዓት የማኅበራችን ጸሐፊ ወይዘሮ በመንገዱ ስታልፍ ትራሱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን አየችና ምንድነው አለችኝ። እባብ ነው ከማለት ዶሮ ነው ማለት ቀለለኝ። ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ያስታወስኩት ዞራ ስታየኝ ነው።

የያን መልክ ቁርጥ ጎበዜን ነበር። ተራ እባብ ሁሉ አንድ ነው ብዬ አለፍኩት። አስካለን እሱ ጋ አስገባኋት፤ ነውር እንዳይሆን ሳጥኑ ላይ ከሱቄ የተረፈ ወፍራም መጋረጃ ጣልኩበት። ሳሮን ሥራ ፈት ብላኛለች። ከወር በኋላ አስካለ እንቁላል ጣለች፤ ከደርዘን ይበልጣል። አንተ ከአሮጌ ፍሪጅ የሠራኸው መፈልፈያ ውስጥ፣ አንተ ለሳሮን ባስተማርከው መንገድ አንድም ሳይገለበጥ ደረደርናቸው።

በዚያ ሰሞን የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። የጓሮው ክፍል ጋ ሲደርሱ ምን አለ አሉኝ፣ የታፈሰ እንስሳት ናቸው አልኳቸው። ምን ዓይነት እንስሳት ሲሉኝ የማይጮሁ አልኩ። በሩ ላይ ረጭተው ሄዱ። እንግዲህ እንቁላሎቹ በረከት አልጎደላቸውም ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በረዶ ጣለ፣ በየሰፈሩ በተራ መብራት የሚያጠፉበት ሎድ ሼዲንግም ባልተነገረ ሰዓት መብራቱን ወሰደው። መፈልፈያው መቀዝቀዝ ጀመረ። ሳሮን ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ ነበር ነገሩ ለእኔም የእባብ ነገር መሆኑ የቀረው፤ እነዚያ እንቁላሎች ከቀዘቀዙ አንተ የጀመርከው የመጨረሻው ነገር በእጄ ላይ ሊሞት ነው። በጋዙ ውኃ አፍልተን በላስቲክ ኮዳ ሞላን። እንቁላሎቹን ከነእርጥብ አፈራቸው አውጥተን፣ ኮዳዎቹን በዙሪያቸው አድርገን፣ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ የሚሞቀው ያንተ ጋቢ ስለሆነ በእሱ ጠቀለልናቸው። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ሁለታችን እንደ አራስ ጠባቂ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። እድፉ ይኸው ነው። አጥቤው ነበር፣ አልለቅም አለ፣ እኔም አልገፋሁበትም።

ሲፈለፈሉ ሳሮን ሌክቸሯን ትታ መጣች። አብዛኞቹ ተራ ናቸው። ሁለት ሦስቱ የአያታቸውን የበርበሬን መልክ ይዘው ቀሉ፣ ሌሎቹ አመድን መሰሉ። የመጨረሻው እንቁላል ግን ዝም አለ። ሳሮን ይህኛው ሞቷል ስትል በማግስቱ ተሰነጠቀና አንድ ትንሽ ጭንቅላት ወጣ፤ ነጭ፣ ሮዝ ዓይን ያለው። ታፍዬ፣ እኔ እባብ አይቼ አለቀስኩ። ይህን ደብረ ብርሃን ድረስ ወስደህ ብታወራ ማን ያምንሃል?

ሕፃኑ ቆዳውን ቀይሮ መብላት ሲጀምር ኡም ፒት ሊያዩት መጡ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው በመዳፋቸው ያዙት። ዓይናቸውን በጭንብላቸው ጠረጉ። ታፈሰ ይህን ሳያይ አሉ። ከዚያ ትከሻዬን በክርናቸው ነካ አድርገው፣ ወንድምና እህት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ያወጣሉ አሉኝ።

የምን ወንድምና እህት? አልኳቸው። እሳቸውም ደንግጠው አዩኝ።

«ያን የአስካለ ወንድም ነው እኮ። በተፈለፈሉ ጊዜ ታፈሰ ነው በስጦታ የሰጠኝ። ሮይንና ፋልን የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ በአገራችሁ ቋንቋ ምን እያለ እንደሚጠራቸው አላውቅም ነበር።»

በርበሬና አመድን እኔ በአንተ ስም ቆጠርኳቸው፣ እሳቸው በራሳቸው ስም፤ ሮይ በእሳቸው ቋንቋ ቀይ፣ ፋል ግራጫ ማለት ኖሯል። ሁለት ስም ስላለው ሁለት ሰው መሰለኝ። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው፣ ወላጆቹንና ከጥሩ ቤተሰብ መሆኑን ነው እንጂ የአስካለ ወንድም መሆኑን አልጠየቅሽኝም አሉ። እውነታቸውን ነው።

አንድ ሁለት ቀን አፍሬ ሰነበትኩና ለአንድ ሰው ካልነገርኩ እፈነዳለሁ ብዬ እትዬ ብዙነሽ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ከእንቁላሉ እስከ ሁለቱ ስም ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እየሳቁ «እቴ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው በአንድ ጊዜ ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ ካሁን በኋላ ምን ይቀራል፣ እሱም አርፏል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሙሉ፣ ጎሹ የዓለም ስማቸው ነው። ወልደ ገብርኤል የክርስትና ስማቸው። አንድ ሰው ናቸው።»

አንዲት ቤት ብቻ ናት የጎደለችው አሉኝ፣ ስድስተኛው ላይ ትገናኛላችሁ። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት አጎታችሁን በጓሮ በኩል ይዘህ «በእኛ ወገን በክርስትና ስማቸው ጥሯቸው፣ በእነሱ በኩል በዓለም ስማቸው ይጠራሉና» ብለህ እግራቸው ላይ የወደቅኸው አንተ ነህ። እትዬ ብዙነሽ ጠላ ሊቀዱ ወጥተው ሰሙህ። ሊያጋልጡህ አስበው ነበር፤ ግን እያለቀስክ ስለነበር ተዉህ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት በየድግሱ አፌን ሞልቼ ሳወራ፣ አንተ ውኃ ስትጠጣ! ልጣላህ ብድግ ብዬ ወደ ጓሮው ክፍል ሄድኩ፣ እዚያ እንደማገኝህ ሁሉ። በሩን ስከፍት የለህም። የምጣላውን ሰው አጥቼ እዚያ ቆምኩ፤ መሞትህ እንደገና የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። አስካለ ብቻ ቀና ብላ ዓይኗን ሳታርገበግብ እንደ እናቴ አየችኝ።

ከዚያ ያ የስልክ ሳቅህ ትዝ አለኝ። አስካለን ከጎበዜ ጋር አገናኚያት ያልከኝ ስለ እባብ ብቻ እንዳልነበር አሁን ገባኝ። ዘር ስቆጥር፣ ስመረምር፣ ስከለክል በዓይነ ኅሊናህ ታየሁህና ነው የሳቅኸው፤ እኔን ለማግባት ያደረግኸውም አብሮ ትዝ ብሎህ ነው። እኔ የመጨረሻ ቃልህ ውስጥ የለሁም ብዬ አኩርፌ ነበር። ለካ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረበትም። ተደብቄ ነበር።

እንግዲህ አንዲት ቤት ስለጎደለች ምን ይደረጋል? አባ ጋ ሄጄ ልናዘዘው አስባለሁ፣ ለሞተ ባል ፍቺ እንደማይሰጡ ግን እርግጠኛ ነኝ። ኡም ፒት ጋ ደውዬ እባቦቹን አልሰጥም አልኳቸው፤ እየጠበቅሁት ነበር አሉ። ሕፃናቱን ግን ከነጩና ከአንድ ሌላ በቀር ወስደዋል። ነጩን ጎሹ አልኩት። ለእባብ የክርስትና ስም አልሰጥም፣ ያ ድፍረት ነው፤ ሌላው ስሙ በሆዴ ይቆያል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ አስካለን ከጎበዜ ጋር አገናኛታለሁ። አንተ ያልከኝ እሱን ነበር፣ እኔ ወንድሙን አመጣሁላት። ብዙም አልጠይቅም።

ነገ ለሙት ዓመትህ የተፈቀደው ያህል ሰው ይመጣል፤ ወንበሩን አራርቀን ጓሮው ውስጥ ደርድረናል። ከቡና በኋላ አንዷ «እስቲ ሙሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት የቆጠሩትን አጫውቺን» ማለቷ አይቀርም፤ ሰው ይህን ታሪክ ከእኔ ሳይሰማ ሄዶ አያውቅም። እንደ ድሮው አድርጌ አወራዋለሁ፣ ሰባቱንም ሳላጎድል። አልረሳህም ማለት ለእኔ ይህ ነው። ጎሹ ጋ ስደርስ ግን ትንሽ እቆምና እስላለሁ። በዚህ ዘመን ሳል ሰው እንደሚበትን አውቃለሁ፤ ወንበራቸውን ይዘው ይሽሹ። አንተ ስትስልበት የኖርክበት ቦታ ነውና፣ ከእንግዲህ እዚያ ጋ የማስለው እኔ ነኝ።

በስድስተኛው ቤት የምዛመድህ
ሚስትህ ሙሉ